ከሚዛኑ በኋላ፣ ከቡጢው በፊት

ቦክስ እጅን በጓንት ሸፍኖ የሚደረግ የቡጢ ግጥሚያ ነው። ሁለት ሰዎች በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ ይወጣሉ። አንድ ዳኛ በመካከላቸው ይቆማል። ግጥሚያው በዙር የተከፈለ ነው። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በዙርና በዙር መካከል አንድ ደቂቃ ዕረፍት አለ። አንዱ ተመትቶ ቢወድቅና ዳኛው እስከ አሥር ሲቆጥር ካልተነሣ በዝረራ ተሸነፈ ይባላል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከቆሙ ደግሞ ዳኞች በነጥብ ይለያሉ።

ከገጠር ወጥቶ ደባርቅ ወይም ዳባት ገበያ የዋለ ሰው፣ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ጎራ ብሎ ይህን ግጥሚያ አይቶ ይሆናል። ካየ ሌላም ነገር ሳያይ አልቀረም። ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን ሁለቱ ቦክሰኞች ልብሳቸውን ያወልቃሉ። በቁምጣ ብቻ ሆነው ተራ በተራ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ክብደታቸው በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከዚያ ፊት ለፊት ይቆሙና አፍንጫ ለአፍንጫ ሊነካኩ እስኪደርሱ ድረስ ይፋጠጣሉ። አንዱም ዓይኑን አይሰብርም። አንዳንዴ መገላጋይ ያስፈልጋቸዋል።

ይህን ያየ ገበሬ «ሰውን እንደ ኩንታል መመዘን ምን የሚሉት ነው? መፋጠጡስ ለምን ይበጃል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ደግሞ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ «ያኛው ያሸንፋል፤ ዓይኑን አያዩትም እንዴ፣ አያ!» ሊለው ይችላል። በቅርብ ዓመታት በየከተማው የስፖርት ውርርድ ስለ ተስፋፋ ነገሩ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዓይን መፋጠጥ አምኖ የበግ ዋጋ የሚያስይዝ አይጠፋም። እንግዲህ ቡጢው ሳይጀመር ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ብንፈልግ ሚዛኑን እንመን ወይስ ዓይኑን?

ሚዛኑ

ሚዛን የመጣው ለፍትሕ ነው። አንድ ትልቅ በሬና አንድ ትንሽ በሬ በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ ምን እንደሚሆን ገበሬ ያውቀዋል። ቀንበሩ ያዘነብላል፤ ትንሹ በሬ ይጎዳል፤ ትልሙም ይጣመማል። ስለዚህ በሬ ሲገዛ አቻ ይፈለጋል። በቦክስም እንዲሁ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 80 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ጋር ቢገጥም ግጥሚያ ሳይሆን ድብደባ ይሆናል።

በጥንት ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ማመዛዘን አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ሰዎች በባዶ እጅ፣ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ፣ አንዱ እስኪሸነፍ ይደባደቡ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጣ። ጓንት ማድረግ፣ ሦስት ደቂቃ መግጠም፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እስከ አሥር መቁጠር የመጡት በዚህ ሕግ ነው። የክብደት ደረጃዎችም ቀስ በቀስ ተወሰኑ። ለምሳሌ ከ1961 እስከ 1972 ዓ.ም. በተደረጉት ኦሊምፒኮች የቦክስ ደረጃዎች 11 ነበሩ። ዝቅተኛው እስከ 48 ኪሎ፣ ከፍተኛው ከ81 ኪሎ በላይ ነበር።

የኢትዮጵያ ቦክሰኞችም በዚህ ሚዛን ላይ ወጥተዋል። በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በጃፓን አገር በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክ አገራችን ቦክሰኞች ነበሯት። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚሁ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 11 ቀን ነው። የእሱ ድል ታላቅ ስለ ነበረ ስለ ቦክሰኞቹ የሚያወራ ብዙ ሰው የለም። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አስተውሉ። ሯጭ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም በአንድ መስመር ይሰለፋል። ቦክሰኛ ግን ክብደቱ ካልተነበበ መድረክ ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ሚዛኑ ተንኮል እንምጣ። እህል ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ እርጥብ እህል ሚዛን እንደሚያነሣ ያውቃል። አጭበርባሪ ሻጭ በርበሬውን ውሃ ያርከፈክፍበታል። ክብደት ይጨምርለታላ! ቦክሰኛ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ራሱን ያደርቃል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ከሚዛኑ በፊት ባሉት ቀናት ውሃ መጠጣት ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ያቆማል። ወፍራም ልብስ ደርቦ ይሮጣል። በእንፋሎት ቤት ተቀምጦ ያልበዋል። አንዳንዱ ምራቁን ሳይቀር እየተፋ ክብደቱን ያወርዳል። በዚህ ዓይነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ጉንጩ ገብቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ይታያል። ከሚዛኑ እንደ ወረደ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ይበላል። በማግሥቱ መድረክ ላይ የሚወጣው ትናንት የተመዘነው ሰው አይደለም፤ ከእሱ ብዙ ኪሎ የሚበልጥ ሰው ነው።

«ታዲያ ምን ትርፍ አለው?» ትሉ ይሆናል። ትርፉ ይህ ነው፤ ቦክሰኛው በተፈጥሮው ከባድ ሆኖ ሳለ ከቀላሎቹ ጋር ይገጥማል። ጉዳቱ ግን ከትርፉ ይብሳል። ውሃ ያነሰው ሰው ልቡ ይደክማል፤ ኩላሊቱ ይጎዳል። ፀሐይ ላይ ሲያጭድ ውሎ ውሃ ያላገኘ ሰው ዓይኑ ብዥ እንደሚልበት፣ ጉልበቱም እንደሚከዳው ማለት ነው። በዚያ ላይ የደረቀ ሰው ጭንቅላቱ ሲመታ የበለጠ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ።

ኅዳር 4 ቀን 1975 ዓ.ም. በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ ዱክ ኩ ኪም የተባለ የኮሪያ ቦክሰኛ ሬይ ማንቺኒ ከተባለ አሜሪካዊ ጋር ገጠመ። ኪም ለሚዛኑ ክብደቱን ለማውረድ ብዙ ተቸግሮ ነበር ይባላል። ግጥሚያው 15 ዙር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ኪም እስከ 14ኛው ዙር ተዋጋ። በ14ኛው ተመትቶ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተ። የሞተው ሰውነቱ ደርቆ ስለ ነበር ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ የተመታው ቡጢ ቁጥር የለውም። ቢሆንም ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። 15 የነበረው የትልልቅ ግጥሚያ ዙር ወደ 12 ዝቅ አለ። በገንዘብ በሚደረገው ቦክስም ሚዛኑ ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን እንዲሆን ተደረገ። ሐሳቡ ሰውየው ውሃውን የሚመልስበት ጊዜ እንዲያገኝ ነበር። ነገር ግን ጊዜ ያገኘው ቦክሰኛ የባሰ ራሱን ማድረቅ ጀመረ። «ነገ እመልሰዋለሁ» ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ሕግ የበሽታውን ደጃፍ ዘግቶ መስኮቱን ከፍቷል። በኦሊምፒክ ዓይነት ቦክስ ሚዛኑ በግጥሚያው ዕለት ጠዋት መሆኑ ይሻላል።

ሚዛኑን ራሱን የሚያጭበረብርም አለ። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ሆሴ ሉዊስ ካስቲዮ የተባለ ሜክሲኳዊና ዲዬጎ ኮራሌስ የተባለ አሜሪካዊ ላስ ቬጋስ ላይ ገጠሙ። ኮራሌስ በአሥረኛው ዙር ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለት ጊዜም ተነሣ። በዚያው ዙር ካስቲዮን አሸነፈው። ሰዉ ሁሉ እንደገና ይግጠሙ አለ። መስከረም 1998 ዓ.ም. ለሁለተኛው ግጥሚያ ሚዛን ላይ ወጡ። የተፈቀደው ክብደት 61.2 ኪሎ ነበር። ካስቲዮ ሲመዘን ከእሱ ወገን የሆነ ሰው እግሩን ከሚዛኑ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ሊደግፍ ሲሞክር ተያዘ። ነጋዴ በጣቱ ሚዛን እንደሚነካው ዓይነት መሆኑ ነው። ካስቲዮ በትክክል ሲመዘን 62.8 ኪሎ ሆነ።

ልዩነቱ 1.6 ኪሎ ነው። «ይቺ ደግሞ ምን አላት? ሁለት ጣሳ እህል አታክልም» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ነገሩ ከኪሎው በላይ ነው። ኮራሌስ 61.2 ለመድረስ ተጠምቷል፤ ተርቧል። ካስቲዮ ያቺን የመጨረሻዋን ጥም አልጠማም። ኮራሌስ እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ግን ገጠመ። የሻምፒዮንነቱ ማዕረግ ከግጥሚያው ላይ ተነሣ። በማግሥቱም ካስቲዮ በአራተኛው ዙር ዘረረው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙ ሲሉ ካስቲዮ እንደገና 63.3 ኪሎ ሆኖ መጣ። በዚህ ጊዜ ግጥሚያው ተሰረዘ።

እንግዲህ ሚዛኑን የሚያነብ ሰው ቁጥሩን ብቻ ማንበብ የለበትም። ያንን ቁጥር ለማግኘት ሰውየው ምን ከፈለ? ፊቱ ገርጥቷል ወይ? ከሚዛኑ ሲወርድ እግሩ ይንቀጠቀጣል ወይ? በአንድ ጊዜ ነው የተመዘነው ወይስ ተመልሶ አልቦት መጣ? ግምት ከዚህ ይጀምራል።

መፋጠጡ

ስለ መፋጠጥ የሰሜን ተራራ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለት ኮርማዎች ሲገናኙ ወዲያው አይዋጉም። አፈር ይጭራሉ፤ ያጓራሉ፤ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ጎናቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። አንዱ ሌላውን በዓይኑ ይለካዋል። ብዙ ጊዜ አንዱ ቀስ ብሎ ዘወር ይልና ሣር የሚግጥ መስሎ ይሄዳል። ውጊያው ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው።

ጭላዳም እንዲሁ ነው። ገብስ የሚጠብቅ ሰው ጭላዳን የሚያውቀው በሌብነቱ ነው። ነገር ግን ሣር ሲግጥ በጸጥታ ያስተዋለው እንደሆነ ሌላ ነገር ያያል። ወንዱ ጭላዳ ጠላቱን ለማስፈራራት የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ብልጭ ያደርጋል። አብዛኛው ጠብ በዚሁ ያልቃል። መነካከስ የሚመጣው ትልቅ ነገር ሲኖር ነው፤ ይኸውም ጎረምሳው ወንድ የባለቤተሰቡን ወንድ ሚስቶች ሊወስድ ሲመጣ ነው።

በሰሜን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጭላዳን ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። በወንዱ ጭላዳ ደረት ላይ ያለው ቀይ ገላ እንደ ኑሮው ይለዋወጣል። ሚስቶች ያሉት የቤተሰብ አለቃ ደረቱ ደማቅ ቀይ ነው። ሚስት የሌለው ወንድ ግን ደረቱ እንደዚያ አይደምቅም። ጭላዳ ይህን መደበቅ አይችልም። ጥርሱን ቢያሳይም ደረቱ እውነቱን ያወጣዋል።

ሰው ግን ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ጆርጅ ፎርማን የሚባል ግዙፍ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ነበር። ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. በጃማይካ አገር ጆ ፍሬዚየርን ገጠመ። ፍሬዚየር ያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ዳኛው ሕጉን ሲነግራቸው ፎርማን ፍሬዚየርን ዓይኑን ሳይነቅል አፈጠጠበት። ያየ ሁሉ «ይህ ሰው ፍርሃት የሚባል አያውቅም» አለ። ፎርማን ከብዙ ዓመት በኋላ እውነቱን ተናገረ። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያፈጠጠውም ፍሬዚየር ወደ ታች እንዳያይና ጉልበቱን እንዳይመለከት ነበር። ከዚያ ግጥሚያው ተጀመረ። ፎርማን ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። የፈራው አሸነፈ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ታሪኩ የሆነው በአሜሪካ በማያሚ ቢች ከተማ፣ የካቲት 17 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ሻምፒዮኑ ሶኒ ሊስተን ነበር። እስር ቤት ገብቶ የወጣ፣ እጀ ትልቅ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበረውን ሻምፒዮን ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁለት ጊዜም በአንደኛው ዙር ዘርሮታል። ሊገጥመው የመጣው የ22 ዓመት ወጣት ካሲየስ ክሌይ ይባላል። በኋላ ስሙን ለውጦ መሐመድ አሊ የተባለው እሱ ነው። ያን ጊዜ ሚዛኑ በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ነበር። ሊስተን 98.9 ኪሎ፣ ክሌይ 95.5 ኪሎ ሆኑ።

ክሌይ ሚዛኑ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ያበደ ይመስል ነበር። ይጮኻል፤ ይዘላል፤ ወደ ሊስተን ሊሄድ ይታገላል፤ ሰዎች ይይዙታል። ስለዚህ ጠባዩ 2,500 ዶላር ተቀጣ። ሐኪም የልቡን ትርታ ሲቆጥር በደቂቃ 120 ያህል አገኘ። በሌላ ጊዜ ግን 54 ነበር። ሐኪሙ «ይህ ልጅ በጣም ፈርቷል» አለ። ግጥሚያውን ሊያዩ ከመጡት የስፖርት ጋዜጠኞች 46ቱ ማን እንደሚያሸንፍ ተጠየቁ። 43ቱ ሊስተን ነው አሉ።

ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ክሌይ እንደገና ሲመረመር ልቡ እንደ ወትሮው ይመታ ነበር። ጩኸቱ ጨዋታ ኖሯል። ሊስተን እስር ቤት ስለ ኖረ ጉልበተኛ አይፈራም፤ እብድ ግን ያሳስበዋል ብሎ ክሌይ አስቦ ነበር። ማታ መድረክ ላይ የወጣው ሌላ ሰው ነበር። እንደ ፌንጣ እየዘለለ፣ እየመታ እየሸሸ፣ ሊስተንን አደከመው። ሰባተኛው ዙር ሲደወል ሊስተን ከበርጩማው አልተነሣም። ትከሻዬ ተጎዳ አለ። 43ቱ ጋዜጠኞች የተመለከቱት ዓይንን ነበር፤ እግርን የተመለከቱት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ኪንሻሳ ላይ ግምት

አሁን የተማርነውን በአንድ ግጥሚያ እንሞክረው። ግጥሚያው የሆነው በራሳችን አህጉር በአፍሪካ ነው። አገሩ ያን ጊዜ ዛየር ይባል ነበር፤ ዛሬ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ከተማው ኪንሻሳ። ቀኑ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፤ በአገራችን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ሰባት ሳምንት ያህል ሆኖ ነበር። የሚገጥሙት ጆርጅ ፎርማንና መሐመድ አሊ ናቸው። የዛየር መሪ ሞቡቱ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተስማምቷል። ገንዘቡ የዛየር ሕዝብ ገንዘብ ነበረና፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ሌሊት ቡጢ መዋሉ ተገቢ ነበር ወይ የሚለውን አንባቢ ይፍረድ።

እስቲ ራሳችንን ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን እናስቀምጥ። በእጃችን ምን አለ?

ሚዛኑ አለ። ፎርማን 99.8 ኪሎ፣ አሊ 98.2 ኪሎ። ፎርማን አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ልዩነታቸው 1.6 ኪሎ ነው፤ ካስቲዮ በኮራሌስ ላይ የበለጠባት ያህል። እዚህ ግን ምንም ዋጋ የላትም። በከባድ ሚዛን የላይ ወሰን ስለሌለ ራሱን ያደረቀ የለም። ስለዚህ ሚዛኑ «እኩል ናቸው» ከማለት በቀር የነገረን የለም።

ዕድሜ አለ። ፎርማን 25፣ አሊ 32 ናቸው። በቦክስ 32 ዓመት እንደ ሸመገለ በሬ ነው፤ ያውቃል፣ ግን ጉልበቱ አንሷል። ፎርማን 40 ጊዜ ገጥሞ 40 ጊዜ አሸንፏል፤ 37ቱን በዝረራ። አሊ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። በየካቲት 1963 ዓ.ም. ፍሬዚየር አሸንፎታል። በመጋቢት 1965 ዓ.ም. ኬን ኖርተን መንጋጋውን ሰብሮ አሸንፎታል። በኋላ አሊ ሁለቱንም መልሶ አሸነፈ፤ ነገር ግን በነጥብ ነው፣ ተቸግሮም ነው። ፎርማን ግን ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ጣለው። ኖርተንንም በመጋቢት 1966 ዓ.ም. በሁለት ዙር ጣለው።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሚያስብ ሰው እንዲህ ይላል፤ አሊን ያስቸገሩትን ሁለቱን ፎርማን እንደ ሕፃን ጣላቸው፤ ስለዚህ አሊን ይጥለዋል። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ብዙዎችም እንዲህ አሰቡ። አሊ እንዳይሞት የፈሩለት ወዳጆች ነበሩት።

ግን ከብት ያረባ ሰው ይህን ሒሳብ ይጠራጠረዋል። ቡሬ ዳለቻን አሸነፈ፤ ዳለቻ ጥቁሩን አሸነፈ፤ ታዲያ ቡሬ ጥቁሩን ሁልጊዜ ያሸንፋል? አያሸንፍም። ጥቁሩ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ ከሆነ፣ ቡሬ የለመደው አገባብ አይሠራለትም። ፍሬዚየርና ኖርተን ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚገፉ ቦክሰኞች ነበሩ። ወደ ፎርማን ክንድ በራሳቸው እግር እየሄዱ ገቡለት። አሊ እንደዚያ አይገባም።

ደግሞ ሌላ የተረሳ ነገር ነበር። ፎርማን ያሸነፋቸውን አብዛኞቹን በጥቂት ዙር ስለ ጨረሳቸው፣ ሲደክም ምን እንደሚሆን እምብዛም አልታየም። ፈጣን ፈረስ ነው፤ ግን ዳገት ላይ ብዙ አልተሞከረም። በተጨማሪ ግጥሚያው የተቀጠረው ለመስከረም 15 ነበር። ፎርማን በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ቆስሎ ከአንድ ወር በላይ ተላለፈ። በዚያ ጊዜ ሁሉ በማያውቀው ሙቀት አገር ቁስሉን እየጠበቀ ቆየ። አሊ ደግሞ በኪንሻሳ ከሕዝቡ ጋር ይሮጥ፣ ይጫወት ነበር። ሕዝቡ የእሱ ሆነ።

ግጥሚያው የተጀመረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ተመልካቾች በማታቸው እንዲያዩት ተብሎ። ዳኛው ሕጉን ሲነግራቸው ፎርማን እንደ ልማዱ አፈጠጠ። አሊ መልሶ ከማፍጠጥ ይልቅ አፉን አልዘጋም፤ ያወራበት ነበር። በሁለተኛው ዙር አሊ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ጀርባውን ለገመዱ ሰጠ፤ ፊቱን በክንዶቹ ሸፈነ፤ ፎርማን እንዲመታው ተወው። የአሊ አሠልጣኝ ሳይቀር «ከገመዱ ውጣ!» እያለ ይጮህ ነበር። ፎርማን መታ። እንደገና መታ። አብዛኛው ቡጢ በክንድና በጎን ላይ አረፈ። ገመዱ ላላ ስለሚል የቡጢውን ኃይል ይቀንሰዋል። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ዙር አለፈ። የፎርማን ክንድ ከበደ፤ ቡጢውም ዘገየ። ድንጋይ ሲፈነቅል እንደ ዋለ ሰው ሆነ። በስምንተኛው ዙር መጨረሻ አሊ ከገመዱ ወጥቶ በተከታታይ መታው። ፎርማን ተሽከርክሮ ወደቀ። ዳኛው ቆጠረ። አልተነሣም።

ከሚዛኑም ከመፋጠጡም ይህን ማንበብ የቻለ አልነበረም። ፍንጩ የነበረው በሌላ ቦታ ነው። ለመታገሥ የሚችለው ማን ነው? ሲደክም የታየውስ ማን ነው? አሊ መንጋጋው ተሰብሮ ግጥሚያውን እስከ መጨረሻ ዙር የጨረሰ ሰው ነበር። ያ በመጋቢት 1965 ዓ.ም. የደረሰበት ሽንፈት ነበር፤ በቁጥር ሲጻፍ እንደ ጉድለት ይነበባል። ለሚያስተውል ሰው ግን ከፎርማን 40 ድል ይልቅ የሚናገር እሱ ነበር።

ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ዓይኑን አያዩትም እንዴ!» የሚል ወጣት ቢያጋጥማችሁ «አንተ፣ ዓይኑን ተወውና ይህ ሰው ስምንተኛ ዙር ደርሶ ያውቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ የበጉን ዋጋ ኪሱ ውስጥ ያቆየው።

የንባብ ጥያቄዎች

1. ሊስተን 98.9 ኪሎ፣ ክሌይ 95.5 ኪሎ ነበሩ። ሊስተን በስንት ኪሎ ይበልጣል?

2. ካስቲዮ በሦስተኛው ጊዜ 63.3 ኪሎ ሆኖ መጣ። የተፈቀደው 61.2 ኪሎ ቢሆን በስንት አለፈ?

3. 1.6 ኪሎ በካስቲዮና በኮራሌስ መካከል ትልቅ፣ በአሊና በፎርማን መካከል ግን ትንሽ የሆነው ለምንድን ነው?

4. በመንደራችሁ ኮርማ ሲፋጠጥ ያየ ሰው ካለ የትኛው ዘወር እንዳለና ለምን ይመስለው እንደሆነ ለቡድኑ ይንገር።